መኪናው የሚሰግደው ለማነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ከአዳማ ነው። ከኋላ የሚሰማችሁ ሹሹታ የማይክ ችግር አይደለም፣ ነፋሱ ነው። ከከተማችን ዳር ያ ሁሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም።

የዛሬው ወሬዬ አሞርዛተር ነው፣ የመኪናን ንጥሪያ የሚያስቆመው ዕቃ። ሾክ አብዞርበር የምትሉትም አላችሁ። ለአሮጌዋ ሃይሉክስ ፒክአፔ ሰሞኑን አራቱንም ቀየርኩላት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ነገሩን የጀመረችው አክስቴ ናት። ከአሰላ መጥታ ወንጂ ዘመድ ልንጠይቅ አብረን ወጣን። የእኔ መኪና ውስጥ ከገባች ቆይታለች። ገና ከከተማ ሳንወጣ አንድ ባጃጅ ዘው ብሎ ፊቴ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። አክስቴ ነጠላዋን ሰብሰብ፣ በሩን ጨበጥ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪና በቆመ ቁጥር የሚሰግደው ለማነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ግን እውነቷን ነው። አፍንጫው ይደፋል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ይደፋል። እኔ በየቀኑ የምነዳው ሰውዬ አላየሁትም፣ እሷ ገና አስር ደቂቃ ሳትቀመጥ አየችው።

ባትሪ ሲሞት ጠዋት አልነሳም ይላችኋል፣ ታውቁታላችሁ። አሞርዛተር እንደዚያ አይደለም። ውስጡ ዘይት አለ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ያልፋል። የመንጠሩ ጉልበት እዚያው ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ታዲያ የዘይት ማሸጊያው ጎማ ሲበላ፣ ቫልቩ ሲላላ፣ ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የሚሄደው። ሹፌሩም ቀስ በቀስ ይለምዳል። ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ ፍጥነት ይቀንሳል። የፍጥነት መንገዱ ላይ የጎን ነፋስ ሲመጣ መሪውን ጠበቅ ያደርጋል። መኪናው ያቆመውን ሥራ ክንዱ ተረክቦታል፣ እሱ ግን አላወቀም። ጠይቁት፣ «መንገዱ ነው» ይላችኋል። እኔን የደነቀኝ ይሄ ነው። መልመድ ደግ ነገር ነው ሲባል ነው የሰማነው። እዚህ ላይ ግን የሚሠራው መደበቅ ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሽንኩርት ሲጫን ኋላው ተዘፈዘፈ ብሎ አሞርዛተር የሚቀይር አለ። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፣ ያ ተደራርቦ የታሰረው የብረት ሞላ። የአሞርዛተር ሥራ ንጥሪያውን ማስቆም ብቻ ነው። የሞተውን አሞርዛተር ትቶ ባሌስትራ የሚያስጨምር ደግሞ አለ። እሱ መኪናውን ባዶውን ሲነዳ አብራችሁት አትሳፈሩ፣ ንጥሪያው አይጣል ነው!

ማወቅ ለሚፈልግ፣ የመኪናውን አንድ ጥግ በደንብ ተጫኑና ልቀቁ። አንዴ ተነስቶ ቀጥ ማለት አለበት። መወዛወዙን ከቀጠለ አልቋል። ጎማውንም በእጃችሁ ዳብሱት። አንድ ቦታ ጎድጎድ፣ አንድ ቦታ ከፍ ካለ ጎማው መሬቱን እየረገጠ ሳይሆን እየዘለለ ነው የሚሄደው። የኔ የኋላ ግራው አሞርዛተር ቱቦ ላይ ዘይትና የአዳማ አቧራ ተቦክቶ እንደ ጭቃ ደርቆ ነበር።

ጋራዥ ገባን። የኋላዎቹ ቡሎኖች ዝገት በልቷቸው ነበርና መካኒኩ ልጅ ማታውኑ ዘይት ነፍቶባቸው አደሩ። የፊቶቹ የላይኛው ዳዶ ሲፈታ ዘንጉ አብሮ ይዞራል፤ ልጁ በፒንሳ አንቆ ይዞ፣ ላቡ ጠብ እያለ ነው ያወጣው። አሮጌውን ተቀብዬ በእጄ ጫንኩት። ውስጡ ጉልጭ ብሎ ያለ ምንም ትግል ወረደ። አዲሱን በሁለት እጄ፣ በደረቴ ጭምር ገፍቼ ነው ያስጎነበስኩት። ጋዝ የሌለው፣ የዘይት ብቻ የሆነው አሞርዛተር ተጭኖ ሲለቀቅ ተመልሶ አይነሳም። ያ ጤናው ነው፣ «ተበላሽቷል» ብላችሁ ሱቅ እንዳትመልሱት።

ልጁ አዲሶቹን ከመግጠሙ በፊት ቀጥ አድርጎ እያቆመ ደጋግሞ ሳባቸው፣ አየሩ እንዲወጣ። የታችኛውን ቡሎን ደግሞ ክሪኩ ወርዶ መኪናው በእግሩ ከቆመ በኋላ ነው ጨርሶ ያጠበቀው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው፣ ማለትም ቡሎኑ የሚያልፍበት ጎማ፣ ተጠምዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ይቺን የሚያደርግ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ስትገዙም ጥንድ ጥንድ ይሁን፣ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪናው ሁለት ሐሳብ ይሆናል።

ከዚያስ? መኪናው ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል ጊዜ ከፊት በኩል «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል አዲስ ድምፅ ሰማሁ። ተመልሼ ሄጄ ለልጁ ነገርኩት። ጎማውን ይዞ ነቅነቅ አደረገና ሳቀ። «ቴስቲኒው ነው ጋሼ፣ የመሪው መገጣጠሚያ። አዲስ አይደለም፣ ድሮም ነበረ። በዚያ ሁሉ ንጥሪያ መሃል ማን ይስማው?»

ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል። ቸር እንሰንብት።