8,000 ብር በጭስ ወጣ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ከኋላዬ የሚሰማችሁ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ጅማ ነኝ። እስኪያባራ ብጠብቅ ይህ ክፍል የሚደርሳችሁ መስከረም ላይ ነው።

ዛሬ ስለ ሒሳብ ነው የማወራው። ኧረ አትዝጉት! ያስለቀሰኝ ሒሳብ ስለሆነ ወሬ አለው።

ቡና ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በግማሽ በግማሽ ኪሎ እያሸግኩ እሸጣለሁ። ጅማ ላይ የተቆላ ቡና መሸጥ ለብዙ ሰው ቀልድ ነው። እዚህ ማን ቤት ነው የማይቆላው? የኔ ደንበኞች ግን መንገደኞች ናቸው። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ እንግዳ፣ ለእረፍት አገሩ የሚገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ጅማ ከርሞ ባዶ እጁን ቢገባ እናቱ ምን ትለዋለች?

ስጀምር በወር 15,000 ብር ንጹህ ትርፍ አሰብኩ። ቁጥሩ የመጣው ከዕቁቤና ከልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ታዲያ ስንት እሽግ ልሽጥ? ቁጥሮቹን ለጆሮ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ በገበያ ዋጋ እንዳትከራከሩኝ።

አንዱን እሽግ በ450 ብር እሸጣለሁ። ጥሬ ቡናው በኪሎ 500 ገባልኝ፤ ግማሽ ኪሎው 250 ማለት ነው። ለከረጢት፣ ለወፍጮና ለከሰል 50 ጨመርኩ። ከአንድ እሽግ 150 ብር ይተርፈኛል። ኪራይና የረዳቴ ደሞዝ ብሸጥም ባልሸጥም 9,000 ነው። እሱ ላይ የፈለግኩትን 15,000 ስጨምር 24,000። ለ150 ሳካፍለው 160 እሽግ።

አንዳንዱ ሰው 15,000ን ለ450 አካፍሎ "34 እሽግ ይበቃኛል" ይላል። እኔ ያንን አልተሳሳትኩም። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ወሩ አለቀ። 160 እሽግ ሸጥኩ፣ አንድ ሳይጎድል። ማታ ብሩን ቆጠርኩ። ኪራዩን አነሳሁ፣ ደሞዙን አነሳሁ፣ የቡናውን፣ የከረጢቱን፣ የወፍጮውንና የከሰሉን አነሳሁ። የቀረኝ 7,000። እንደገና ቆጠርኩ። ያው 7,000። ረዳቴን ጠረጠርኳት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በነጋታው አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና መዘንኩና ምጣድ ላይ አደረግኩት። ተንጣጣ፣ ጨሰ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ። አውጥቼ አቀዘቀዝኩትና መልሼ ሚዛን ላይ ጫንኩት። 830 ግራም ገደማ! ቡና ሲቆላ ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፣ ስስ ገለባውም ይረግፋል። እንደ አቆላሉ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሄዳል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስቆላ ኖሬ ይህን አላውቅም። ቤት ውስጥ ማን ይመዝናል?

ለግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና 600 ግራም ጥሬ ያስፈልገኛል። 250 ያልኩት ለካ 300 ብር ነው። የሚተርፈኝም 150 ሳይሆን 100። 50 ብር በ160 ሲባዛ 8,000። ሌባው ምጣዱ ነበር። ረዳቴን ምሳ ጋበዝኳት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። እየሰማች ከሆነ አሁን አወቀች።

አዲሱ ሒሳብ 24,000 ለ100 ነው፤ 240 እሽግ። በ26 የሥራ ቀን ሲከፈል በቀን ከ9 ትንሽ ያልፋል። 10 ብዬ ያዝኩት።

ጎረቤቴ የጅማን በርጩማ የሚሠሩ አባት ናቸው፤ ከዋንዛ የሚፈለፈለውን፣ ባለ ሦስት እግሩን። ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። "የኔ ልጅ፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት በርጩማዎች የአከራዬ ናቸው። ለቤቴ መሥራት የምጀምረው ዘጠነኛው ላይ ነው" አሉኝ። እስክሪብቶ ሳይነኩ! የኔውን አሰብኩት። 9,000 ለ100፣ 90 እሽግ። እስከዚያ ድረስ የምቆላው ለሰው ነው።

ምክር ደግሞ አይጠፋም። "25 ብር ቀንሺ፣ ብዙ ትሸጫለሽ" ይሉኛል። ከ450 ላይ 25 ምን አላት? ግን የምትቀነሰው ከ450ው አይደለም፣ ከምትተርፈኝ 100 ላይ ነው። 75 ትቀራለች። 24,000 ለ75 ሲካፈል 320 እሽግ። 80 እሽግ ተጨማሪ፣ ማለትም 48 ኪሎ ጥሬ ቡና በዚህ ክንዴ ልቆላ ነው። ያውም ገዢው ከተገኘ።

የሸጥኩትን በከሰል ግድግዳ ላይ አሰምራለሁ። ትናንት 203ኛው ላይ ነበርኩ። አንድ ተማሪ ሻንጣውን እየጎተተ መጣ።

"እህቴ፣ ተማሪ ነኝ፣ 25 ብር ቀንሺልኝ።"

"ሦስት ውሰድና ከሦስቱ ላይ 25 ልቀንስልህ።"

"ሦስት ለማን?"

"አክስት የለህም?"

ሳቀና ሁለት ወሰደ። 15 ብር ቀነስኩለት። ከሰሉን አነሳሁ፤ 205።