ክሊፕ ሠሪው ስም አለው

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ሙዚቃ ቪዲዮ ታሪክ እንድናገር ነው የጋበዙኝ። ታሪኩ ሰፊ ስለሆነ አንድ ስብስብ ላይ ብቻ ልቆይ። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ኩዊን በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እስከዚያ የሠራቸውን ክሊፖች ሰብስቦ «ግሬተስት ፍሊክስ» በሚል ስም በቪዲዮ ካሴት አወጣ። የሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያው ኤምቲቪ ራሱ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። ክሊፕ የዘፈን ማስታወቂያ ብቻ ተደርጎ በሚታይበት ዘመን፣ እነሱ ተሰብስቦ የሚቀመጥ ሥራ መሆኑ ገብቷቸው ነበር።

ከስብስቡ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን ውሰዱ። ዘፈኑ ወደ ስድስት ደቂቃ ይጠጋል። ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደራረበ የተቀዳ ስለሆነ ቴሌቪዥን ላይ ቆሞ መጫወቱ የሚታሰብ አልነበረም። ኖቬምበር 10 ቀን 1975 ባንዱ ለንደን አቅራቢያ ኤልስትሪ ስቱዲዮ ውስጥ ለኮንሰርት ጉዞው ሲለማመድ፣ ዳይሬክተሩ ብሩስ ጋወርስ ካሜራውን ይዞ እዚያው ሄደላቸው። ቀረጻው አራት ሰዓት ገደማ ፈጀ። አራት ሰዓት! እናንተ ታውቁታላችሁ፣ አንዳንዴ መብራት ሰቅለን ሳንጨርስ የሚያልፍ ጊዜ ነው።

በጨለማው ውስጥ ከላይ በወረደ ብርሃን የሚታዩት አራት ፊቶች፣ ፎቶ አንሺው ሚክ ሮክ ለሁለተኛው አልበማቸው ሽፋን ካነሳው ፎቶ የመጡ ናቸው። የዘፋኙ የፍሬዲ ሜርኩሪ ፊት እየተባዛ ወደ ኋላ የሚሮጥበትን ቦታ አስታውሱ። የዛሬው ዓይነት ሶፍትዌር አልነበረም። ካሜራውን ወደ ሞኒተሩ አዞሩት፤ ምስሉ ራሱን እያየ ተባዛ። በቃ! ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ እንኳ ማን እንደመራው፣ የት እንደተቀረጸ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ እናውቃለን። የእኛስ?

እኔ የሠራሁት አንድ ክሊፕ ነበር። የተጫነበት ቻናል ተዘጋ። ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ ፍለጋ ወደ ፕሮዳክሽኑ ስሄድ ሃርድ ዲስኩን አወጡልኝ። በነጭ ፕላስተር ላይ የዘፋኙ ስም ተጽፎ፣ በእስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከሥሩ «ሠርግ» ተብሎበታል። ፎርማት አድርገውት ነበር። ብዙዎቻችሁ ከዚህ የባሰ ደርሶባችኋል። ክሊፑ ቢተርፍ እንኳ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡት። የስፖንሰሩ ስም አለ፤ የዘፋኙ ማናጀር ስልክ አለ። ካሜራማኑ የት አለ? ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያነጋችው ኤዲተር የት አለች? ለሾፌሩ ምሳ የሚከፍል ፕሮዲውሰር አንድ መስመር ስም መጻፍ እንዴት ያቅተዋል? ይህ መርሳት አይደለም፤ ንቀት ነው!

ኩዊኖች በ1991 ሁለተኛውን ስብስብ ሲያወጡ፣ እንደ ሴት ለብሰው የተቀረጹበትን «አይ ዋንት ቱ ብሬክ ፍሪ»ን አልቆረጡትም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ፊቱን ያዞረበት ክሊፕ ነው። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ፍሬዲ ለመጨረሻ ጊዜ ክሊፕ ተቀረጸ፤ ከስቶ፣ በጥቁርና ነጭ። ኖቬምበር ላይ አረፈ። ያን ቀረጻ ያስቀመጠ ሰው ባለውለታችን ነው።

ስለ ክፍያና ስለ ውል ሌሎች ይናገራሉ። የእኔ ጥያቄ ሁለት ነው። ማስተሩ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። የሠሪዎቹ ስም ክሊፑ ላይ ይጻፍ። ከዛሬ ጀምሮ ይህ የሌለበትን ውል አልፈርምም፤ እናንተም አትፈርሙ።

አመሰግናለሁ።