ከሪያልቶ ዓሣ የገዛ እጁን ያውጣ!

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

ኮሚቴው «የምኞት መግለጫ ብቻ፣ አጠር አድርጊው» ብሎኛል። እሺ። ምኞቴ አንድ ነው፤ ዘንድሮ ዓሣ ከሪያልቶ፣ ከቬኒሱ ዓሣ ገበያ፣ እንግዛ።

አትሳቁ! አብዛኞቻችን ቬኒስ ሠርተን ማታ ከውኃው ማዶ፣ የብሱ ላይ ወዳለችው መስትሬ እንመለሳለን። ገበያው አፍንጫችን ሥር ነው። በ1907 የተሠራው፣ ዓምዶቹ ላይ ዓሣና ሸርጣን የተቀረጸበት፣ ትልቁ የውኃ ቦይ ካናል ግራንዴ ዳር ያለው አዳራሽ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ፎቶ እናስነሳበታለን። ዓሣውን ግን በፕላስቲክ ታሽጎ ከሱፐርማርኬት!

እኔን ገበያ ያስተማሩኝ እንከባከባቸው የነበሩት ጣልያናዊቷ እመቤት፣ ሲኞራ፣ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። አንዳንዶቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ቁጡ ነበሩ። «ስንጥቡን ገልጠሽ እዪ፣ ቀይ ነው? ዓይኑስ ፈጧል?» ይሉኛል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የእብነ በረድ ሰሌዳ ይወስዱኛል። እንዳይሸጥ የተከለከለውን ትንሽ ዓሣ ይዘረዝራል፤ ሳርዲን ከ7 ሳንቲሜትር በታች፣ እባብ የሚመስለው አንጉዊላ ከ25 በታች። «አንብቢ!» እኔም እንደ ፊደል ገበታ እየቆጠርኩ አነባለሁ። አንድ ቀን ሻጩ ኦራታ የሚባለውን ዓሣ የከረመውን ሊሸጥልኝ ሞከረ። ሲኞራ በከዘራቸው ጠረጴዛውን መቱት። ከኋላችን የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ተባበሯቸው። ሰውየው ፊቱ ቀልቶ ሌላ ዓሣ መረጠ፣ ፔርሰሜሎም በነፃ ጨመረ። ወዲያው ደግሞ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቃቸው ጀመር!

ዛሬ ያ ሰልፍ የታለ? ያለው ካሜራ የደቀነ ቱሪስት ነው። ስምንት እግር ያለውን ፖልፖ ፎቶ ያነሳል፣ በጣቱ ይነካካል፣ ምንም ሳይገዛ ይሄዳል። በ1951 አሮጌው ከተማ ውስጥ ወደ 175,000 ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ 50,000 አይሞላም። ቤቱ ሁሉ የቱሪስት ማደሪያ ሆነ። ታዲያ ዓሣ ማን ይግዛ? ሻጩ በፎቶ ልጁን ያሳድጋል እንዴ? ነገ ሲዘጋ «ወይኔ ገበያችን» ብሎ ፌስቡክ ላይ የሚያለቅስ ካለ ግን፣ ደረሰኙን አሳየኝ እለዋለሁ!

ውድ ነው ትላላችሁ። ሳርዲን ውድ አይደለም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለቄሶቻችን ትቻለሁ።

እሁድና ሰኞ ዝግ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መስትሬ ባቡር ጣቢያ እጠብቃችኋለሁ። ዘንቢል ያዙ። ኮሚቴው መጀመሪያ! አሁን ዶሮው ሳይቀዘቅዝ እንነሳ፤ አመሰግናለሁ።