«አብሽር» ካሉኝ በኋላ የጠየቁኝ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ከደሴ ነኝ፣ ከሱቄ ጀርባ ካለችው ክፍል። ቆርቆሮው ላይ የምትሰሙት የበልግ ዝናብ ነው። እስኪያባራ ብጠብቅ ዛሬም አልቀዳም።

ስለ ጭንቀት ላወራችሁ ነው፤ በተለይ እንዴት እንደምናስተነፍሰው።

ባለፈው ክረምት የጅምላ ነጋዴ ዕዳ ነበረብኝ። በዱቤ ወስጄ በዱቤ ሸጥኩ። ደንበኞቼ አልከፈሉኝም፣ እኔም አልከፈልኩም። ስልኬ ሲጠራ ሆዴ ይገለበጣል። መጀመሪያ ድምፁን አጠፋሁ። ቀጥሎ በፊቱ ደፋሁት። በመጨረሻ ባንኮኒው ስር የሳሙና ካርቶን ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት ከሰዓት በርጫ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ያምራሉ። ምርቃናው ሲመጣ ዕዳው ተረስቶ ኮምቦልቻ ሁለተኛ ሱቅ እከፍታለሁ፤ መደርደሪያውን ሳይቀር በሐሳቤ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ የለም። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ልብ ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ስለዚህ ጨብሲ። ቢራው ቶሎ ያስተኛል፤ ግን አልኮል እንቅልፍ ይቆራርጣል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል። ከዚያ የሱብሒ አዛን እስኪሰማ ጣሪያ መቁጠር። ጠዋት ለመንቃት ቡና፣ ከሰዓት ጫት፣ ማታ ቢራ። አንዱ ያበላሸውን ሌላው ሲጠግን ሁለት ወር አለፈ። ቃሚ ሁሉ እንዲህ ነው አላልኩም፤ የራሴን ነው የማወራው።

አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ ቡና ጠሩኝ። አቦሉን ጠጣሁ፣ ዝም። ቶናውን ጠጣሁ፣ ዝም።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ጨንቆኝ ነው።»

«አብሽር!»

መቼም ወሎ ኖሮ አብሽር ያልተባለ የለም። ሰው ቢሞትብህ አብሽር፣ ሚኒባስ ቢያመልጥህ አብሽር። ያቺን ቃል ይዤ ልነሳ ስል፣ በረካውን እየቀዱ «ለመሆኑ ስንት ነው?» አሉኝ።

ስንት ነው። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ደምሬው አላውቅም። ደብተሩን አምጣ አሉኝ። እኔ ስም ስጠራ፣ እሳቸው ለእያንዳንዱ ባለዱቤ አንዳንድ ፈንዲሻ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ይደረድራሉ። ሃያ ሦስት ፈንዲሻ። «ይቺን አውቃታለሁ፣ ደመወዝ ስትቀበል ትከፍላለች።» ወደዚህ። «ይሄኛውን ሄጄ አናግርልሃለሁ።» ወደዚያ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ትንሽ አሰቡና ፈንዲሻውን አንስተው በሉት። «ይሄንንስ ተወው።»

በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያዬን ሳቅ ሳቅሁ። ዕዳዬ 86 ሺህ ብር ነበር፤ ሰው እጅ ያለው ደግሞ 61 ሺህ። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በማግስቱ ስልኩን ከካርቶኑ አወጣሁ። ጅምላ ነጋዴው ሰደበኝ፣ በደንብ ሰደበኝ። ከዚያ በአራት ጊዜ እንድከፍል ተስማማን።

ላዛረስና ፎክማን የሚባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች ጭንቀትን የምንቋቋምበትን መንገድ ሁለት ቦታ ከፍለው ያዩታል፤ ችግሩን ራሱን የሚነካና ስሜቱን የሚያበርድ። ማብረዱ መጥፎ ነው አይሉም። እኔም አልልም። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ፣ ሰዉ ልጁን አዝሎ ሲወጣ፣ «ስንት ነው?» ተብሎ የሚደመር ነገር አልነበረም። ያኔ የነበረን አብሽር ብቻ ነው፤ እሷም አቁማናለች። የኔ ዕዳ ግን የሚደመር ነበር።

ደግሞ ጤናማ የሚባለውም ያታልላል። ጫቱን ስተው ጠዋት ጠዋት የጦሳን ዳገት መውጣት ጀመርኩ። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ትንሽ ስትወጣ ትንፋሽህ ያጥራል፣ ቆመህ ቀስ እያልክ ስታስወጣው ልብህም አብሮ ይረጋል። ሌሊቱን መተኛት ጀመርኩ። አንድ ሰሞን ግን ሱቅ መክፈቻዬ ሲደርስ «ትንሽ ልጨምር» ማለት መጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እዚያው ተራራው ላይ ነኝ። ተበዳሪ ሊከፍል መጥቶ፣ ሱቁ ዝግ ነው ብሎ ተመለሰ።

የማይቅም፣ የማይጠጣ ወዳጅም አለኝ። አንድ ሱስ የለበትም። ማታ ቤት ሲገባ ግን ልጆቹ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳሉ። እሱ ስለ እኔ ጫት ሲመክረኝ ዝም ብዬ ሰማሁት፤ ልጆቹን እያየሁ።

ይቅርታ፣ ስልኬ ነው። ጅምላ ነጋዴው ነው፤ አራተኛው ክፍያ ነገ ነው። ቆዩኝ፣ ላንሳው።