እምቢልታ በር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የጥበብ ቤተሰቦች፣ የጎንደር እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ይህን ንግግር የጻፍኩት በብሬይል ነው፤ የማነበውም በጣቴ ነውና አንዳንድ ቦታ ላይ ዘግየት ብል ታገሡኝ። የምናገረውም ስለ እኛ፣ ስለ አካል ጉዳተኛ የጥበብ ባለሙያዎች ነው።

ፋሲል ግቢ ዙሪያውን በሮች አሉት፤ አባቶቻችንም ለየበሩ ስም አውጥተውለታል። ወንበር በር የዳኞች ነው፤ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ ነው። ከእነዚህ በሮች አንዱ እምቢልታ በር ይባላል፤ በእምቢልታ ነፊዎች የተሰየመ በር። ዓይኔን ያጣሁት በሕፃንነቴ ስለሆነ ግንቡን አይቼው አላውቅም፤ ድንጋዩን ግን በእጄ ዳስሼዋለሁ። ለሙዚቀኛ በር የሰየመ ከተማ ልጅ በመሆኔ ደስ ይለኛል።

እምቢልታ ደግሞ ለብቻ አይነፋም፤ ሦስት ሆነው ነው የሚነፉት። አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ቢሆን ነው። የጎደለውን ሌላው በተራው ይሞላለታል፤ እንዲያ ሲቀባበሉ ዜማ ይሆናል። ከሦስቱ አንዱን በር ላይ ካስቀራችሁት፣ የገቡት ሁለቱም ዜማቸው ጎዶሎ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ሰርግ ላይ ተጠርቼ ከጓደኛዬ ጋር ማሲንቆ ስንጫወት ነበር። ጓደኛዬ ዓይናማ ነው። ግጥሙ ሲደራ ታዳሚው እየተነሣ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ደንቡ ነው፣ ሽልማት ነው። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን አንድ ሰው እጄን ከደጋኑ ላይ አላቀቀና መዳፌን ዘርግቶ ሳንቲም አስጨበጠኝ። «እግዜር ይማርህ» አለኝ። ዜማው መሐል ላይ ተቋረጠ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ድምፁ ውስጥ እንባ ነበረ። ግን ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር «አስደሰትከኝ» ማለት ነው፤ መዳፍ ላይ የሚቀመጠው ሳንቲም «አሳዘንከኝ» ማለት ነው። እኔ በዚያ ምሽት ያንኑ ዜማ ነበር የተጫወትኩት። ዛሬ እናንተ ፊት ያቆመኝ ይኸው ነው።

ጎንደር ሰውን በችሎታው መቀበል ታውቅበት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማና ሽብሸባ፣ አቋቋም፣ ሲነሣ የጎንደሯን በአታ ቤተ ክርስቲያን የማያነሣ የለም። በጉባኤ ቤቶቻችን ዓይነ ስውር ተማሪ ብርቅ አይደለም፤ የቃል ትምህርት ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚሄድ ነውና። ለዓይነ ስውሩ ብሎ ልዩ ነገር ያዘጋጀ ሰው አልነበረም፤ የትምህርቱ ሥርዓት ራሱ አልዘጋበትም። ዛሬ ግን የጥበብ ሥልጠና ማስታወቂያ ወረቀት ላይ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እኔ ስሰማ ምዝገባው አልፏል። ፎርሙን የሚሞላልኝ ሰው ሳፈላልግ ደግሞ ፈተናው ያልፋል። ችሎታዬን ማንም አልመዘነውም፤ የተመዘነው ግድግዳ ማንበቤ ነው።

አብራን የምትሠራ አንዲት ወጣት አለች፤ መስማት የተሳናት ናት፣ እስክስታ ትወዳለች። የምንለማመድበት ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነበር። ከበሮው ይመታል፣ እሷ የሌሎቹን ትከሻ እያየች ትከተላለች፤ ሁልጊዜ ግማሽ ምት ወደ ኋላ ትቀራለች። «ተዉአት፣ አይሆንላትም» ያሉም ነበሩ። አንድ ቀን አናጺ ጎረቤታችን ሰፋፊ ሳንቃ አምጥቶ ወለሉ ላይ አነጠፈልን፤ ከበሮውንም እዚያው ሳንቃው ላይ አስቀመጥነው። ጫማዋን አወለቀች። ከበሮው ተመታ። እኔ አላየኋትም፤ ግን አንገቷ ላይ ያለው ድሪ ሲንሿሿ ሰማሁት፤ ልክ ከከበሮው ጋር! ምቱ በእግሯ ነበር የገባት። ለካ ስንፍናው የወለሉ ኖሯል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30፣ አካል ጉዳተኞች የፈጠራና የጥበብ ችሎታቸውን ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡም መበልጸግ እንዲያውሉት ዕድል ይሰጣቸው ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የሚሆን መግቢያ ይኑረው ብሏል። የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አለ፤ እሱ ግን የሚያተኩረው ቅጥር ላይ ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ ቋሚ ቅጥር የለንም፤ የምንኖረው በጥሪ ነው፤ ጥሪው ካልደረሰን አዋጁም አይደርስልንም።

ስለ መድረክ መውጫ ስናነሣ «ግቢው ቅርስ ነው፣ ደረጃው አይነካም» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ እኔም እንዲነካ አልፈልግም። ግንቡ ወደ አራት መቶ ዓመት እየተጠጋ ነው። በግቢው ለበዓል የሚተከለው መድረክ ግን በዋዜማው በብረትና በጣውላ የሚሠራ ነው! እሱን ባለ አምስት ደረጃ ያደረገው ፋሲለደስ አይደለም። አናጺው እዚያው እያለ፣ በዚያው ጣውላ ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ፣ ይሠራል። በዊልቸር የምትሄደውን ባልንጀራዬን አራት ሰዎች እንደ ዕቃ ተሸክመው ሲያወጧት ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሳትዘፍን! እሷ ጭብጨባውን የምትፈልገው ከዘፈነች በኋላ ነው።

ስለዚህ እዚህ ያላችሁ አዘጋጆች፣ የባህል ቢሮ ሰዎች፣ የሆቴልና የአዳራሽ ባለቤቶች፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ማስታወቂያችሁን በሬዲዮና በቴሌግራም በድምፅም ልቀቁት። በጀት ስትይዙ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚውን ከድምፅ መሣሪያው ኪራይ ጋር አብራችሁ ያዙት፤ ከተረፈ አትበሉ። የአካል ጉዳተኞች ቀን በሚከበርበት ኅዳር 24 ብቻ አትጥሩን፤ በጥምቀትም፣ በሰርጉም፣ በአዘቦቱም ጥሩን። ስትጠሩንም ለሌላው ባለሙያ የምትከፍሉትን ክፈሉን። ካላስደሰትናችሁ ደግሞ «አልተዋጣላችሁም» በሉን፤ እሱም ክብር ነው፤ ሌላው ሙያተኛ ሁሉ የሚባለው ነው።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ሳንቃው ከኋላዬ ተነጥፏል፣ ከበሮውም ተቀምጦበታል፤ ልጅቷም ጫማዋን አውልቃ እየጠበቀች እንደሆነ ነግረውኛል። ማሲንቆዬን አቀብሉኝ።