ባቡር ላይ ስትቀጠሩ ድርጅቱን ሳይሆን ከተማውን እዩ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ አሜሪካ የጭነት ባቡር ላይ ኮንዳክተር (ከነጂው ጋር አብሮ የሚሄድ የባቡሩ ኃላፊ) ሆነው መቀጠር የሚፈልጉ የኛ ልጆች "የቱ ይሻላል? ዩኒየን ፓሲፊክ ወይስ ቢኤንኤስኤፍ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ "ማስታወቂያው የወጣው ለየትኛው ከተማ ነው?" እላለሁ።

ባቡር ቤት ሁሉን የሚወስነው ሲኒየሪቲ ነው። ደህናውን ሥራ፣ የእረፍት ቀኑን፣ የዓመት ፈቃዱን ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይመርጣል። ሥራ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ቤቱ የሚላከው መጨረሻ የገባው ነው። ድርጅት ከቀየራችሁ ደግሞ ተራችሁ ከዜሮ ይጀምራል።

አዲስ ሰው ብዙውን ጊዜ ተጠባባቂ ነው። ስልኩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይጮሃል፣ ተነስቶ መሄድ ነው። ሕጉ ከ12 ሰዓት በላይ አያሠራም፤ ከዚያ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት አለ። ግን ዕረፍቱ ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ባለቤቴ ያኔ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ነበረች። ሁለታችንም ሌሊት ከወጣን ልጆቹን ማን ያያል? ስለዚህ ትልቅ የባቡር ግቢ ያለበትን፣ ፉርጎ እየለየ የሚያገጣጥም የፈረቃ ሠራተኛ የሚፈልገውን ከተማ መረጥኩ። እሷ ወደ ቀን ዞረች፣ እኔ ሌሊቱን ያዝኩ። ደሞዙ ከረጅም መስመር ያንሳል። ግን የታወቀ ሌሊት ነው።

ይህን ቀጣሪው ክፍል አይነግራችሁም። የባቡር ግቢው በር ላይ ሲጋራ የሚያጨሱትን ኮንዳክተሮች ጠይቁ። አዲስ ሰው እስከ መቼ ተጠባባቂ ይሆናል? ባለፈው ቅነሳ የስንት ዓመት ሠራተኛ ተነካ? ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ብዙ ናቸው?

የበዓል ነገር ትንሽ ያስቃል። ዲሴምበር 25ን ነባሮቹ ቀድመው ይወስዱታል። የኛን ገና ግን የሚሻማችሁ የለም፤ ሰው ካልጎደለ ፈቃድ ልታገኙ ትችላላችሁ።

መንገደኛ የሚያመላልሰው አምትራክም አለ። የባቡር ሠራተኛ ጡረታው አንድ ስለሆነ፣ ከጭነት ወደዚያ ብትሻገሩ የሠራችሁት ዓመት አይጠፋም። 30 ዓመት የሠራ በ60 ዓመቱ ሙሉ ጡረታ ይወጣል። የዋሽንግተን ሜትሮ ግን ባቡር ቢሆንም በዚህ ጡረታ ውስጥ የለም። ዲሲ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

ሁለት ከተማ እኩል ከሆነባችሁ ቀድሞ ሥልጠና የሚጀምረውን ያዙ። በሁለት ሳምንት ብትቀድሙ እንኳ፣ እዚያው ከተማ ከናንተ በኋላ ሥልጠና የገባው ቡድን በሙሉ ከናንተ በፊት ይቀነሳል።