ማብሪያው የት ነው?

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ አባላትና ቤተሰቦቻችን፣ እንኳን ለመስማት የምንቸገር ሰዎች ወደምንገናኝበት ዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚያችን ከጎኔ ናት። ንግግሬም ስክሪኑ ላይ በጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፉ ትንሽ ዘግየት ስለሚል ቀልድ ከተናገርኩ ሳቁ ሁለት ጊዜ ይመጣል። እኔ በበኩሌ ቅር አይለኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው የተሃድሶ አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል። ይህን ቁጥር በየስብሰባው እንጠቅሳለን። ኃላፊዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ወደየቤታችን። ሕጉም አለን። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት፣ በአንቀጽ 21 ስለ ምልክት ቋንቋ ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ክሊኒክ ሄዶ ተራ የሚጠብቀው ሕጉ አይደለም፤ እኛ ነን።

ክሊኒኩን ታውቁታላችሁ። ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ስም ትጠራለች፤ ያውም ማስክ አድርጋ። ከንፈሯን ማንበብ አይቻልም። ተራው ያለፈበት ሰው ቁጭ እንዳለ ይውልና «ተጠርተህ ነበር እኮ፣ የት ሄደህ ነው?» ይባላል። እዚያ ገብቶ «መብታችን ይከበር» ቢሉ መልሱ «እናከብራለን» ነው። ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። አንዳንድ አባሎቻችን ብልሆች ናቸው፤ ኃላፊው ዘንድ ገብተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ተራው በቁጥር ይታይ፤ ስክሪን ከሌለ ካርድ ላይ ተጽፎ ከፍ ይበል። ዛሬ ነገ ተባሉ። ተመላለሱ። አሁን ቁጥሩ ይታያል። ለካ በዚያ ኮሪደር ጫጫታ ጆሮው ደህና የሆነውም ሰው ስሙን አይሰማም ነበር!

ጥያቄያችን እጅና እግር ይኑረው የምለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1988 በአሜሪካ መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመው የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢውን ሲዘጉ የጠየቁት አራት ነገር ብቻ ነበር። መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ይሾም፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ይልቀቁ፤ ከቦርዱ አባላት 51 በመቶው መስማት የተሳናቸው ይሁኑ፤ በተቃውሞው የተሳተፈ አይቀጣ። በሳምንት ውስጥ አይ. ኪንግ ጆርዳን የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ መስማት የተሳናቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። አራቱም ጥያቄ መልስ አገኘ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። አንዳንድ አዳራሽ በር ላይ የጆሮ ምልክት ተለጥፎ ታያላችሁ። ሉፕ አለ ማለት ነው። ዙሪያውን የተዘረጋው ሽቦ የማይክራፎኑን ድምፅ በመግነጢሳዊ መስክ ይልካል። በመስሚያ መሣሪያችን ውስጥ ያለችው ቴሌኮይል የምትባል ትንሽ የሽቦ ጥቅል ትቀበለዋለች። የአዳራሹ ኳኳታ ይቀርና ተናጋሪው ጆሮ ሥር ያለ ያህል ይሰማል። ደስ ብሏችሁ ገብታችሁ ስትቀመጡ ግን ጭጭ! ጠፍቷል። ጥበቃው ወደ ቴክኒሻኑ ይልካል፣ ቴክኒሻኑ ወደ አስተዳደሩ። ማብሪያው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ምልክቱ የተለጠፈው ለይስሙላ ነው እንዴ? በሌላ በኩል ደግሞ፣ ብዙ ሰው መሣሪያው ሲገጠምለት ቴሌኮይሉ እንዲከፈትለት መጠየቅ እንዳለበት የነገረው የለም። ይህን እርስ በርስ እንነጋገር፤ ማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ በየሰፈራችሁ ተሰባሰቡና አንድ ቦታ፣ አንድ ጥያቄ ምረጡ። ቅጹ መግቢያው ላይ ካለው ጠረጴዛ ይገኛል። ማን ሄዶ እንደሚጠይቅ፣ መቼ ተመልሶ እንደሚያይ ይጻፍበት። «እናያለን» የተባለውን እንደ መልስ አትቁጠሩት። የሚሄደውም ራሱ ለመስማት የሚቸገር ሰው ይሁን፤ የሚሰሙ ወዳጆቻችን አብረው ቢሄዱ ደስ ይለናል፣ ንግግሩን ግን አይቀሙን።

ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። ጸሐፊያችን የዓመቱን ሪፖርት ያቀርባሉ።